ከባቲ ማይነር ወደ ብሉዝ

ኪቦርድ ገዝቶ ብሉዝ ልማር ያለ ጀማሪ ከዜሮ የሚነሳ ይመስለው ይሆናል፤ ግማሹን መንገድ ግን ጆሮው ቀድሞ ሄዶለታል። የብሉዝ ዜማ ከሲ ሲነሳ በብዛት የሚሠራባቸው ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው። አዲስ የሚሆንበት ኮርዱ ነው።

የቅኝት ዘፈን አንድ መነሻ ድምፅ ላይ ተደላድሎ ሊቆይ ይችላል። ብሉዝ ከዜማው ሥር ኮርድ እየቀያየረ ይሄዳል፤ ዙሩ 12 ባር፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ሲ ሰቨን፣ 5ኛውና 6ኛው ኤፍ ሰቨን፣ 7ኛውና 8ኛው ተመልሶ ሲ ሰቨን፤ 9ኛው ጂ ሰቨን፣ 10ኛው ኤፍ ሰቨን፣ የቀሩት ሁለቱ ሲ ሰቨን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ለዚህ ሁሉ የቀኝ እጅ ሁለት ጣት ይበቃል፤ አስተማሪዎች ሁሉ ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ግራ እጅ ታች ሲን ይያዝ፣ ቀኝ እጅ ኢ እና ቢ ፍላትን አንድ ላይ ይጫን፦ ሲ ሰቨን። ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረው ሁለቱ ጣቶች አንድ አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ሲወርዱና ግራ እጅ ኤፍን ሲመታ ኤፍ ሰቨን ይሆናል። ከሲ ሰቨን አንድ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ወጥተው ግራ እጅ ጂን ከመታ ደግሞ ጂ ሰቨን ነው።

እጅ ሲለምድ ሁለቱን ድምፆች ለግራ እጅ ሰጥቶ ቀኙን ለባቲ መልቀቅ ነው። ያኔ ሲ ሰቨን ላይ ከታች ኢ፣ ከላይ ኢ ፍላት ይጋጫሉ። ጀማሪ የተሳሳተ መስሎት እጁን ያነሳል፤ አያንሳ። ብሉዝን ብሉዝ የሚያደርገው ይኸው ፍትጊያ ነው። በኤፍና በጂ መካከል ያለውን ጥቁር ቁልፍም ጨረፍ አድርጎ ይለፍበት።

ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲያዋቅር የገጠመው ጥያቄ የዚሁ ዘመድ ነበር፦ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ጣዕሙን ሳያጣ ኮርድ እንዴት ይገባበታል? ልምምዱን በተመለከተ ደግሞ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር።

ሲ ላይ ዙሩ ሳይቆራረጥ መሄድ ሲጀምር፣ ያንኑ ጂ ላይ መድገም ነው፤ ኮርዶቹ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሰቨን እና ዲ ሰቨን ይሆናሉ። ዘፋኝ ሁሉ በሲ አይዘፍንም።