የቱሪዝም ትምህርትና ከመስተንግዶ ባሻገር ያለው የሥራ መስክ

ቱሪዝምን በዩኒቨርሲቲ ስለ ማጥናት ሲነሣ በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የሆቴል መስተንግዶ ወይም አስጎብኚነት ነው። ለእነዚህ ሥራዎች በቀጥታ የሚያዘጋጁት ግን በዋናነት የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና የቅርስ አያያዝን ከግብይት፣ ከሂሳብና ከምርምር ዘዴ ጋር ያስተሳስራል፤ ዓላማውም ተማሪው መዳረሻን ከማስጎብኘት አልፎ ማቀድና ማስተዳደር እንዲችል ነው።

የዚህ ዕውቀት አስፈላጊነት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ይታያል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመመናመኑ፣ የሰው ሰፈራም በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣውም ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በእነዚህ ዓመታት የፓርኩን ወሰን ማስፋት፣ ግጦሽን መቀነስና ለነዋሪው አማራጭ መተዳደሪያ መፈለግ አስፈልጓል። እንዲህ ያለው ሥራ ከዱር እንስሳት ባለሙያው ጎን የጎብኚን ፍሰት የሚያጠና፣ ገቢና ወጪን የሚያሰላ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋርም የሚመክር ባለሙያ ይሻል።

ስለዚህ ለተመራቂው የተከፈተው በር አንድ ብቻ አይደለም። በአስጎብኚ ድርጅቶች፣ በሆቴሎችና በአየር መንገድ ከሚገኘው ሥራ ሌላ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ ፓርኮች፣ ሙዚየሞችና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ይህን ሙያ ይፈልጋሉ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ የጉባኤ ዝግጅትም ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ነው።

ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ድንበሮችን ሲያዘጋ የብዙ አገሮች የጎብኚ ገቢ በሳምንታት ውስጥ ደርቋል፤ ጸጥታ ሲደፈርስም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል። በእንግዳ ዕለታዊ መምጣት ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ያን ጊዜ ይፈተናል። ቅርስን መጠበቅ፣ መረጃ ማደራጀትና ለመጪው ጊዜ ማቀድ ግን ጎብኚ በሌለበትም አይቋረጡም።

ከአንድ የሰሜን ተራሮች ጎብኚ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ኑሯቸውን ይደግፋሉ። ይህ ገቢ በአካባቢው እንዲቀርና ቅርሱንም እንዳያጠፋ ማድረግ የተመራቂው ዋና ኃላፊነት ነው። ተማሪውም ትምህርቱን ሲመርጥ፣ ከቋንቋና ከመስተንግዶ ክህሎት ጎን ይህን ኃላፊነት የሚሸከምበትን ዕውቀት ሊሻ ይገባዋል።