የኩሬ ውሃና መዝገቡ

ኦቦ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ያለ የቦረና አርብቶ አደሮች አገር ነው። ዝናብ ጥሎ ኩሬ ሲያቁር ቀን ከብቱ፣ ግመሉና ፍየሉ ይጠጣበታል፤ ሲመሽ ተራው የጅቡና የቀበሮው ይሆናል። የሌሊቶቹን ያየ የለም። ጠዋት ኮቴያቸው ቢገኝ እንኳ ከብቱ ደርሶ ይረጋግጠዋል። ውሃው ውስጥ ግን ምልክታቸው ይቆያል። አፉን ውሃ ላይ ያሳረፈ እንስሳ ሁሉ ምራቁን፣ ከቆዳው የረገፈ ሕዋስን፣ አንዳንዴም ሽንቱንና ፋንድያውን ጥሎ ይሄዳል፤ በዚያ ውስጥ የዝርያው መለያ ዲኤንኤ አለ። ውሃ ቀድቶ፣ ያንን ዲኤንኤ አንብቦ፣ እንስሳውን ሳያዩና ሳያስደነብሩ ማንነቱን መናገር ይቻላል። ዘዴው «የአካባቢ ዲኤንኤ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ ኩሬዎች ውስጥ ከውጭ የገባ የአሜሪካ ግዙፍ እንቁራሪት መኖሩ በውሃው ብቻ ከተረጋገጠ ወዲህ ወንዙም፣ ባሕሩም፣ አፈሩም እየተመረመረ ነው። በ2022 ደግሞ በዴንማርክና በእንግሊዝ የእንስሳት ማቆያዎች አየሩን አጣርተው በግቢው ያሉትን እንስሳት የለዩ ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጓንት አድርጎ ውሃውን ይቀዳሉ፤ ቀዳዳዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ባነሱ ማጣሪያ ያሳልፉታል። ንጹሕ ሐይቅ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያለ ችግር ያልፋል። ከብት የገባበት የቆላ ኩሬ ላይ ግን ጭቃው ማጣሪያውን ገና ሩብ ሊትር ሳይሞላ ሊደፍነው ይችላል። ማጣሪያው በአልኮል ወይም በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ ዲኤንኤው ይወጣል፣ የተፈለገው ክፍል በፒሲአር ይባዛል፣ ማሽኑ ፊደሎቹን በተራ ያነባል። የተነበበው የፊደል ሰልፍ ቀድሞ ስሙ ከታወቀ እንስሳ ሰልፍ ጋር ይመሳከራል። የዓለም ትልልቆቹ የማመሳከሪያ ቋቶች ሦስት ናቸው፤ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ተቀምጠው የያዙትን ይለዋወጣሉ። ጎን ለጎን አንድ ማጣሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሠራል። በእርሱ ላይ የላም ዲኤንኤ ከተገኘ ላሟ ኩሬው ውስጥ ሳትሆን በተመራማሪው እጅ ወይም በዕቃው ላይ ነበረች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ተጽፎለታል። ብዙ ያልተባለው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ ውጤቱ የት ይገባል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ተማሪው መመረቂያውን ያቀርባል፣ ጽሑፉ በመጽሔት ይወጣል፣ በጽሑፉ ጅራት የእንስሳት ስም ዝርዝር ያለበት ሠንጠረዥ ይለጠፋል። ማሽኑ ያነበባቸው ሚሊዮን የፊደል ሰልፎች በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም ሰውየው ሥራ ሲቀይር ኩሬው እንዳልተቀዳ ይሆናል። ስም ዝርዝሩ አለ አይደል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይትረፍ ቢባል ስም ዝርዝሩን ጥዬ የፊደል ሰልፉን አስቀር ነበር። ስሙ የዛሬ ፍርድ ነው፤ ማመሳከሪያው ሲሞላ ፍርዱ ሊለወጥ ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ሰልፉም አይበቃም፤ ናሙናው ራሱ መቀመጥ አለበት። ጣናን እንውሰድ። ሐይቁ በዓለም ላይ ከእርሱ ተፋሰስ በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል የሌቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። አንዱ ዓሣ በላተኛ፣ አንዱ ከሥር ለቃሚ ሲሆን አፍና ጭንቅላታቸው የተለያየ ነው። በዘመን ግን በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ለመለያ የሚያገለግለው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አይለያቸውም። ስለዚህ ዛሬ ከጣና ውሃ የወጣ ውጤት «ሌቢዮባርበስ» ብሎ ይቆማል። ነገ ሌላ የዲኤንኤ ክፍል የሚለያቸው ሆኖ ከተገኘ፣ ናሙናው ተቀምጦ ከሆነ እንደገና ይነበባል። ማጣሪያው ከተጣለና የተጻፈው ስም ብቻ ከሆነ መመለሻ የለም።

ወደ ኦቦ የቀረበው ምሳሌ ጨው ባሕር ነው፤ ከኦቦ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኢትዮጵያ ደቡብ ጫፍ የሚገኘው ደረቅ የሐይቅ ወለል። እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ ላይ የሰው ልጅ የጥንት መኖሪያን አየር ንብረት ለማጥናት በተቋቋመ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ወለሉ ተቆፍሮ 280 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የደለል ዓምድ ወጣ፤ ወደ 620 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ የያዘ ነው። የጀርመኑ ፖትስዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከላይኛው 70 ሜትር ውስጥ የጥንት ዲኤንኤ ፈለጉ። መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ቢያነቡ የበዛው በጥልቁ የሚኖር የባክቴሪያ ሆነ። በዚህ አገር ሙቀቱ፣ የፀሐይ ጨረሩና ድርቀቱ ዲኤንኤን ይሰባብራል፤ የተረፈው ቁራጭ ለፒሲአር እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በአካባቢው ኖረው ሊሆን ለሚችሉ ፍጥረታት ዘመድ የሆኑ የ199 ዝርያዎችን ዲኤንኤ ማጥመጃ አድርገው፣ የሚመስለውን ቁራጭ ከደለሉ እየሳቡ አወጡ። በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ እርጥብ በነበሩት ዘመናት የቀንድ አውጣና የአረንጓዴ አልጌ ድርሻ ከፍ ሲል፣ በደረቁት ዘመናት የነፍሳት ድርሻ እንደሚጨምር አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ አይደገምም፤ ማንም ለአንድ የተማሪ ጥያቄ ብሎ ጨው ባሕርን እንደገና አይቆፍርም። የሚቀጥለው ሰው ተስፋው በፊተኛው መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

መዝገቡ ደግሞ ከኩሬው ዳር ይጀምራል። አንድ ሰው ከወሰኑ አካባቢ ውሃ ቀድቶ በሠንጠረዡ ላይ «ሞያሌ፣ 05/03/2017፣ 2፡00» ብሎ ጻፈ እንበል። ሞያሌ የትኛው? ከተማው በሁለቱም አገር ነው። ቀኑስ? ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው፤ በአውሮፓውያኑ 14 ኖቬምበር 2024፣ የበልጉ ሳይሆን የመኸሩ አጭር ዝናብ የሚወርድበት ወር። ናይሮቢ ያለው አንባቢ ግን 5 ማርች 2017 ብሎ ያነበዋል። ያ ደግሞ ኬንያ ድርቁን ብሔራዊ አደጋ ብላ ካወጀች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በዝናብ የሞላ ኩሬ በድርቅ ዓመት የተቀዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ የተገኙት እንቁራሪቶችም ድርቅን የተቋቋሙ ጀግኖች ይሆናሉ። ሰዓቱም ሌላ ጉድ አለበት። አማርኛም ስዋሂሊም ከንጋት ስለሚቆጥሩ በሁለቱም ወገን ጠዋት ሁለት ሰዓት ያው ነው፤ መሣሪያው ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ከብቱ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ የተቀዳ ውሃ ከብቱ ከመምጣቱ በፊት እንደተቀዳ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ቀኑን 2024-11-14 ብሎ መጻፍ፣ የሰዓት ቀጠናውን መጨመር፣ በቦታ ስም ፋንታ የጂፒኤስ ነጥቡን ማስፈር።

ያለፈው ውሃ መጠንም መጻፍ አለበት። በጭቃ ምክንያት ሩብ ሊትር ብቻ ባለፈበት ኩሬ «የሜዳ አህያ አልተገኘም» ማለትና ሁለት ሊትር ካለፈበት ተመሳሳይ ነገር ማለት እኩል አይደለም። የንጹሑ ውሃ ማጣሪያ ውጤት፣ የሚባዛውን የዲኤንኤ ክፍል የሚመርጠው ፕራይመር፣ የማመሳከሪያው ቋት የተጎበኘበት ቀን፣ ሁሉም ከውጤቱ ጋር ካልሄዱ ሌላ ሰው ውጤቱን ሊመዝነው አይችልም። ምንም ያልተገኘበት ናሙናም ይቀመጥ። ለጥበቃ ሥራ ይህ ዓይነቱ ረድፍ ትልቅ ዋጋ አለው፤ እንስሳው የጠፋበትን ጊዜ የሚያሳየው እርሱ ነውና። መጽሔቶች ግን ብዙም አይወዱትም።

ለዚህ ሁሉ ደንብ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሳይንስ መረጃ መርሕ አራት ነገር ይጠይቃል፦ መረጃው ይገኝ፣ ይደረስበት፣ ከሌላው ጋር ይናበብ፣ ዳግም ይጠቅም። መቀመጫውን ኮፐንሃገን ያደረገው ዓለም አቀፉ የብዝሀ ሕይወት መረጃ ማዕከል ከ2 ቢሊዮን በላይ «እንዲህ ያለ ፍጥረት እዚህ ቦታ በዚህ ቀን ታየ» የሚሉ መዝገቦችን በነጻ ያቀርባል፤ ከዲኤንኤ የተገኙትን እንዴት ማስገባት እንደሚቻልም መመሪያ አውጥቷል። በ2025 ደግሞ የዘርፉ ተመራማሪዎች ለአካባቢ ዲኤንኤ ብቻ የተዘጋጀ፣ ከ300 በላይ ነጥቦች ያሉት የመመዝገቢያ ዝርዝር አሳተሙ። ብዛቱ ያስደነግጣል፤ የግዴታ የሆኑት ግን ጥቂቶቹ ናቸው፣ ብዙዎቹም በቀጂው ማስታወሻ ደብተር ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው።

«ክፍት ይሁን» ሲባል ግን በእኛ አገር ሰው ፊቱን ቢያጠቁር አልፈርድበትም። ስለ ጤፍ የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል ለኢትዮጵያ ያስገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የወጣው የፈጠራ መብትም በሆላንድ የተሰረዘው በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ካለው በኋላ ነው። የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሀብቱን ከሚወስድ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም ዲኤንኤው ተነቦ ፊደል ከሆነ በኋላ ድንበር የሚሻገረው በኢንተርኔት ነው፤ ኬላም አያስቆመውም። በ2025 ሥራ የጀመረው የካሊ ፈንድ የተወለደው ከዚህ ክርክር ነው። ከእንዲህ ያለ የዲጂታል መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ገንዘብ እንዲያዋጡ፣ ቢያንስ ግማሹም ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ነው የታሰበው። መዋጮው በፈቃደኝነት መሆኑን ሳስብ ብዙ ለመጠበቅ እቸገራለሁ።

ለቦረና ሰው ክፍትነትና ሥርዓት አብረው መኖራቸው አዲስ አይደለም። የቱላ ጉድጓድ ባለቤት ጎሳ አለው፤ የተጠማ ከብት አይከለከልም፤ ግን የመጠጫውን ተራ የሚያዝ አባ ኸሬጋ አለ። መረጃም እንዲሁ ማን እንደቀዳው፣ በማን ፈቃድ እንደተቀዳ፣ ሲጠቀሙበት ማንን መጥቀስ እንደሚገባ ተጽፎበት ክፍት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ሙሉ ለሙሉ መከፈት የለበትም፤ የሚታደኑ እንስሳት ያሉበት ቦታ። የግሬቪ የሜዳ አህያ ስሟን ያገኘችው በ1882 ከአቢሲኒያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጁል ግሬቪ ከተላከችው እንስሳ ነው። ዛሬ ከቀሩት አብዛኞቹ በሰሜን ኬንያ፣ ጥቂቶቹ በኢትዮጵያ ይኖራሉ። የምትጠጣበትን ኩሬ እስከ ሜትር ድረስ ማተም ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ ለሚታደኑ ዝርያዎች የቦታው ነጥብ ሰፋ ተደርጎ ለምሳሌ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ይሰጣል፤ ትክክለኛው ቁጥር በጥበቃ ባለሥልጣናቱ እጅ ይቀመጣል። ነጥቡ ሆን ተብሎ መስፋቱ ግን ራሱ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ቀጣዩ ተመራማሪ ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ኩሬ ሲፈልግ ይውላል።