ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነውን? የፕሪንተር ድራይቨር ስንጭን አንቲቫይረሱ «ቫይረስ ነው» ቢል ምን እናድርግ?

የፈተና ሰሞን ነው። ጥያቄው ተዘጋጅቷል፤ ወረቀቱ ተቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በቅርቡ ፎርማት ስለተደረገ ፕሪንተሩን «አላውቀውም» ይላል። አንዱ ከመሳቢያ ፍላሽ አውጥቶ ይሰካና ድራይቨሩን መጫን ሲጀምር በስክሪኑ ጥግ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፤ አደገኛ ፋይል ተገኝቷል፣ ታግዷል የሚል። በዚህን ጊዜ ከኋላ የቆመው ሁሉ፣ «ኧረ ተወው፣ አንቲቫይረሱን አጥፋውና ጫነው! አምናም በዚሁ ፍላሽ አይደል እንዴ የጫንነው?» ይላል።

ይህን ጸሐፊ ጨምሮ ብዙዎቻችን ይህን ምክር ሰምተን ፈጽመነዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ምክሩ የቱ ላይ እንደሚሳሳት ማስረዳትና በምትኩ ምን መደረግ እንዳለበት ማመልከት ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ላይ አሪኛ ብቻ የሚናገር ሻጭና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢ ቢገናኙ፣ አስተርጓሚ ካልገባ ዋጋ አይቆርጡም። ድራይቨር ማለትም በኮምፒዩተሩና በፕሪንተሩ መካከል ገብቶ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። ይህን ሥራውን ለመሥራት ግን ሌላው ፕሮግራም የማይሰጠው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ወደ ሲስተሙ ውስጥ መግባት፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብሮ መነሣት፣ ከበስተጀርባ መሥራት ነው። ቫይረስም የሚመኘው ይህንኑ ፈቃድ ነው። ስለሆነም አንቲቫይረስ ድራይቨርን በጥርጣሬ ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም።

ጥርጣሬው መሠረት አለው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. «ፕሪንትናይትሜር» የተባለ የዊንዶውስ ጉድለት ይፋ ወጥቶ ነበር። አጥቂዎች በኅትመት አገልግሎቱ በኩል፣ ድራይቨር የሚጭኑ መስለው፣ ኮምፒዩተሩን መቆጣጠር ይችሉ ነበር። ማይክሮሶፍት ሰኔ 29 ቀን አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፤ ከነሐሴ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማስተካከያ ጀምሮ ደግሞ ድራይቨር ለመጫን የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ እንዲያስፈልግ አደረገ። ዛሬ ፕሪንተር ስንጭን የይለፍ ቃል የምንጠየቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማስጠንቀቂያው ከየት ይመጣል?

ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የተሳሳተ ጥርጣሬ ነው። ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጠባዩ ቫይረስ ስለመሰለ ብቻ ይታገዳል።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ ከፕሪንተሩ አምራች የመጣ አይደለም። «ሁሉንም ድራይቨር እናድሳለን» ከሚሉ ገጾች የሚወርደው ብዙ ጊዜ ያልተፈለገ ፕሮግራም አዝሎ ይመጣል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ንጹሕ ነበር፤ በፍላሽ ሲዞር ተበከለ። ባገኙት የፕሮግራም ፋይል ላይ ራሳቸውን የሚለጥፉ ቫይረሶች አሉ። ፍላሹ አንድ የታመመ ኮምፒዩተር ላይ ከተሰካ በውስጡ ያለው የድራይቨር መጫኛም አብሮ ይታመማል። እንግዲህ «አምናም በዚሁ ነው የጫንነው» የሚለው ቃል ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አንድ እውነተኛ ታሪክ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጉዳይ አለ። ካሜሮን ካዋርድ የተባለ የዕቃዎች ገምጋሚ ፕሮከለርድ የተባለ የቻይና ድርጅት የሠራውን 6,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፕሪንተር ሊሞክር ሶፍትዌሩን የያዘውን ፍላሽ ቢሰካ አንቲቫይረሱ ጮኸ። ድርጅቱን ሲጠይቅ «የተሳሳተ ጥርጣሬ ነው» የሚል መልስ አገኘ። እሱ ግን አላመነም፤ ባለሙያ ፈለገ። ጂ ዳታ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ተመራማሪ ካርስተን ሃን ድርጅቱ በኢንተርኔት ያስቀመጣቸውን ሶፍትዌሮች ሲመረምር 39 የተበከሉ ፋይሎች አገኘ። ከተገኙት ቫይረሶች አንዱ ራሱን በፕሮግራም ፋይሎች ላይ የሚለጥፍ ሲሆን፣ ሰው ቢትኮይን ሲልክ የተቀባዩን አድራሻ በሌባው አድራሻ ይለውጥ ነበር። ወደ ሌባው አድራሻ ከ9 ቢትኮይን በላይ ገብቶ ተገኝቷል። በኋላ ድርጅቱ ሶፍትዌሮቹን ከገጹ አነሣ፤ ቫይረሱ የገባው ፋይሎቹ በፍላሽ ሲተላለፉ ሊሆን እንደሚችልም አመነ።

ልብ እንበል፤ ድራይቨሩ ከራሱ ከአምራቹ የመጣ ነበር። ችግሩ የታወቀውም አንድ ሰው አንቲቫይረሱን ሳያጠፋ «ቆይ፣ ይጣራ» በማለቱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እዚህ ደቡብ ኦሞ ቆላ ወርዶ ያላተኮሰው የለም። ያተኮሰው ሁሉ ወባ የለበትም፤ ነገር ግን ደም ሳይመረመር «ወባ አይደለም» የሚል ጤና ባለሙያም የለም። እኛም እንደዚሁ መርምረን እንወስን።

1. አንቲቫይረሱን አታጥፉ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብታችሁ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚለውን ክፈቱና ምን ስም እንደተሰጠው ጻፉ። ስሙ «ቫይረስ» ብሎ ከጀመረ በፋይል ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት ማለቱ ነው። መጨረሻው ላይ «ኤምኤል» የሚሉ ፊደላት ካሉ በማሽን ግምት የተሰጠ ጥርጣሬ ነው፤ ይህም ቢሆን ይጣራል።

2. ፊርማውን እዩ። ፋይሉን ሳትከፍቱ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ተመልከቱ፤ ስሙን መርጣችሁ «ዲቴይልስ» በሉ። የአምራቹ ስም ካለና ትክክለኛ ነው ካለ መልካም ነው። ፊርማው አይሠራም ካለ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል፤ አትጫኑት።

3. አዲስ ቅጂ አምጡ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ከአምራቹ ገጽ አውርዱና በታደሰ አንቲቫይረስ አስፈትሹ። አዲሱ አልፎ የፍላሹ ከታገደ በሽተኛው ፍላሹ ነው። ፍላሹም፣ የተሰካባቸው ኮምፒዩተሮች ሁሉም ይፈተሹ። አዲሱም ከታገደ «ቫይረስቶታል» በተባለው ገጽ በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ማስመርመር ይቻላል። ብዙዎቹ ከጮኹ ነገሩ አብቅቷል፤ አንድ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ጥርጣሬው የተሳሳተ ሊሆን ይችላልና ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ ልካችሁ መልስ ጠብቁ። ግን እዚያ ገጽ ላይ የሚጫን ፋይል ለሌሎችም ስለሚደርስ የፈተና ወረቀት ወይም የተማሪ ውጤት በፍጹም አትስቀሉበት።

4. ሥራው አይቁም። በርካታ አዳዲስ ፕሪንተሮች ከዊንዶውስ ጋር በመጣው ድራይቨር ይሠራሉ፤ መጀመሪያ ገመዱን ሰክታችሁ «አድ ፕሪንተር» በሉ። እምቢ ካለ ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በሌላ ቢሮ ኮምፒዩተር አሳትሙ፤ የሚወስደው ፍላሽ ግን ያ የተጠረጠረው አይሁን።

5. ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ሲዲ አትጣሉ። የፋብሪካ ሲዲ ላይ ሊጻፍበት ስለማይችል ከተሠራ በኋላ አይበከልም። ድራይቨር በፍላሽ ከማዞር ይህ ይሻላል።

ኔትወርክ ለማይደርሰው ኮምፒዩተርም መላ አለ። የዊንዶውስ አንቲቫይረስ ማደሻ በአንድ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ይወርዳል፤ በንጹሕ ፍላሽ ወስዶ መጫን ይቻላል።

ለምን እንጨነቃለን?

ነገ ከመካከላችን አንዱ ቱርሚ፣ አንዱ ቀይ አፈር፣ አንዱ ኦሞራቴ ይመደባል። በሚሄድበት ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ብቻ ይኖሩ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ጠርቶ፣ «መምህር፣ እስቲ እዩልን፣ ቀይ ነገር ወጣ» ይላል። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የልጆቹ ሮስተር ነው፤ የአንድ ዓመት ድካም። ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ሮስተር ግን አይለቀምም። ስለዚህ ያን ቀን «አጥፋውና ጫነው» ከማለታችን በፊት፣ «ይህ ፋይል ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ?» ብለን እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ኔትወርክም ገንዘብም አይፈልግም።