ከጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሐረም ደጃፍ

ባለፈው ዓመት ረመዳን ከቤተሰቤ ጋር ለኡምራ ስንጓዝ ለወራት የተዘጋጀነው ለጠዋፉና ለሰዕዩ ነበር። ዱዓዎቹን በወረቀት ጽፈን ያዝን፤ ልጆቹ ተልቢያውን በቃላቸው አጠኑ፤ እናቴ ደግሞ ጉልበቷ እንዲጸናላት ብላ ማታ ማታ በሰፈራችን ዙሪያ መራመድ ጀመረች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተን ሆቴላችን እስክንገባ ስላለው መንገድ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ‹‹ጅዳ ከገባን መካ ምን አላት!›› ነበር የሁላችንም ሐሳብ።

ደግሞም ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅዳ በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከንጉሥ አብዱልአዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መካ ያለውም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ከአያቶቻችን መካከል በበቅሎና በእግር ምጽዋ ወርደው፣ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግረው፣ ከጅዳ በግመል መካ የገቡ ነበሩና፣ በእነሱ ፊት የእኛ ጉዞ፣ ጉዞ ሊባል አይችልም። እኛን የፈተነን ግን 100ው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

አምስት ነበርን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆቻችን እና እኔ። አራት ትልልቅ ሻንጣ፣ ሁለት የእጅ ቦርሳና አንድ የሕፃን ጋሪ ይዘናል። ከሻንጣዎቹ አንዱ የእኛ አልነበረም፤ ጅዳ ለሚኖሩ ዘመዶች የተላከ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ነው። እኔ ኢህራም ለብሻለሁ። ኢህራም ለብሶ የሻንጣ ጋሪ የገፋ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ እጅ ጋሪውን፣ ሌላው እጅ ከትከሻ የሚንሸራተተውን ጨርቅ ነው የሚይዘው። ልጅ የሚያዝበት ሦስተኛ እጅ የለም።

ከአስር ሶላት በኋላ ከተርሚናሉ ስንወጣ አንድ ሰው የመኪና ቁልፍ እያሳየ ቀረበን። ዋጋውን በስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፤ አልከበደኝምና ተስማማሁ። ዋጋው ለመኪናው ይሁን ለአንድ ሰው አልጠየቅኩም። ግማሽ መንገድ ላይ ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ እንደሆነ፣ ሻንጣውም ለብቻው እንደሚከፈል ነገረኝ። ለመከራከር አፌን ስከፍት እናቴ ከኋላ ‹‹ኢህራም ላይ ነህ፤ ጾመኛም ነህ። ስጠውና እንሂድ›› አለችኝ። ሰጠሁት። የተበሳጨሁት በራሴ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ታክሲዎች ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ቆመው ነበር።

በቁርኣን ማስቀመጫ ቅርጽ በተሠራው ትልቁ የመካ በር ሥር ስናልፍ ልጆቹ ተልቢያውን ጀመሩ፤ ብስጭቴም እዚያው ቀረ። መግሪብ በዚያ ሰሞን ከ12፡30 ገደማ ነበር። እኛ ወደ ሐረም አካባቢ የደረስነው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። መንገዱ ተዘግቷል። ፖሊሶቹ መኪናዎችን ይመልሳሉ፤ ሕዝቡ በእግሩ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ሾፌራችን ሻንጣዎቻችንን አስፋልት ላይ ደረደረና በእጁ ወደ ፊት አመለከተ፤ ‹‹ቅርብ ነው፣ አምስት ደቂቃ›› ብሎ ሄደ።

የሆቴሉ ስምና ካርታው ያለው በእኔ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ጫፍ ደርሷል። ቤተሰቤን አንድ ሱቅ ግድግዳ ሥር ከነሻንጣው አስቀመጥኩና ‹‹ሆቴሉን አይቼ ልመለስ፤ ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ›› ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። አዛን ሲባል ጎዳናው ሁሉ መስገጃ ሆነ። ስግደቱ አልቆ እየሮጥኩ ስመለስ ግድግዳው ሥር ማንም አልነበረም።

ያንን ግማሽ ሰዓት አሁንም በእርጋታ ላወራው አልችልም። ስልኬ ጠፍቷል፤ የባለቤቴ ስልክ የሳዑዲ ሲም ካርድ የለውም። እዚያው አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በመጨረሻ ሌላ የምሄድበት ሳጣ ሆቴሉ ጋ ተመለስኩ። እናቴ እንግዳ መቀበያው ላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች፤ በእጇ ተምር ይዛለች። ቀና ብላ አየችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ‹‹ልጄ፣ አፍጥረሃል?›› ብላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የሶላት ሰልፍ ሲዘረጋ ፖሊሶች ከግድግዳው ሥር አስነሷቸው። እናቴ ልጆቹን በአማርኛ ስታባብል የሰማች አንዲት መካ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ‹‹አብሽሩ እማማ፣ የት ነው ያረፋችሁት?›› ብላ ቀረበች። ማናቸውም የሆቴሉን ስም አያውቁም። እሷ ግን ዓይኗ አንዱ ሻንጣ እጀታ ላይ ያረፈው፣ ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት ያሰረው ወረቀት ላይ ነው፤ የሆቴሉ ስም በዐረብኛ ተጽፎበታል። እኔ ያንን ወረቀት ከነመኖሩም አላስተዋልኩትም ነበር።

ኡምራ በረመዳን ያለውን ምንዳ የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ወር መካ መግባት ይመኛል፤ ለዚህም ነው በዚህ ወቅት ያለው ሕዝብ ከሌላው ጊዜ ጋር የማይነጻጸረው። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ ከዋጋው ባልተናነሰ ጅዳ የሚያደርሳችሁን ሰዓት ተመልከቱ። ቤተሰብና ሻንጣ ይዞ ወደ ሐረም መቅረብ የሚከፋው ከአስር እስከ መግሪብ ነው፤ ተራዊሕ የሚጀመርበትና የሚለቀቅበት ሰዓትም አይመረጥም። ከተማዋ ጋብ የምትለው ከፈጅር በኋላ፣ ጾመኛው ሌሊቱን ቆሞ አድሮ አረፍ በሚልበት ረፋድ ነው። በረራችሁ ከቀትር በኋላ ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አፍጥሮና ሰግዶ፣ ልጆቹን አብልቶ፣ ከዚያ መንቀሳቀስ ውርደት አይደለም። ተጓዥ ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል መፈቀዱንም ለአረጋውያን ማስታወስ ይገባል፤ እናቴን እንኳ ያሳመናት የለም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው መውጫው ብዙ ነው። ከ2018 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የሐረማይን ፈጣን ባቡር መካን፣ ጅዳንና መዲናን በ450 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያገናኛል፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል። በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ጣቢያ ከተርሚናል 1 ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ መጀመሪያ አውሮፕላናችሁ የትኛው ተርሚናል እንደሚያርፍ አረጋግጡ። እኛ በባቡሩ የሄድነው ስንመለስ ነው፤ ከመካ አውሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ጸጥ ያለ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዋጋው ላይ ድርድር የለም። ነገር ግን ባቡሩ ሐረም ደጃፍ አያደርስም። የመካው ጣቢያ ሩሰይፋ በተባለ ሰፈር ነው፤ ከሐረም አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህንን ስነግረው ትልቁ ልጄ ‹‹እና አራት ኪሎ ነው የምንወርደው?›› ብሎ አሳቀን። ከጣቢያው እንደገና ታክሲ ወይም አውቶቡስ መያዝ፣ ሻንጣውንም እንደገና መጫን አለ። ለሁለት ጎልማሶችና ለሁለት ሻንጣ ባቡሩን የሚተካከለው የለም። ሕፃንና አረጋዊት ይዞ በአራት ሻንጣ ግን፣ በእኔ ግምት፣ እስከ ሆቴሉ የሚያደርስ አንድ ሰፊ መኪና ይሻላል።

መኪና ስትይዙ ፈቃድ ያለውን ታክሲ ወይም እንደ ኡበርና ካሪም ዋጋውን አስቀድሞ በስልክ የሚያሳየውን ያዙ። በአውቶቡስ የሚሄድም አለ፤ እሱ ግን ከነሻንጣችሁ የሚያወርዳችሁ በራሱ ማቆሚያ እንጂ በሆቴላችሁ በር አይደለም። አምስት ሰውና አራት ሻንጣ ለተራ የቤት መኪና አይገባምና ትልቅ መኪና ማዘዝ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ሆቴሉ ጋ ደውሉ። ‹‹በዚህ ሰዓት መኪና በየት በኩል ይገባል? ከተዘጋስ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ትልኩልናላችሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ስልክ እኛን ከዚያ ሁሉ ታድነን ነበር። ሚስፈላና አጅያድ ያሉ ሆቴሎች ለሐረም ቅርብ በመሆናቸው ይወደዳሉ፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን ቅርበታቸው ለእግረኛ እንጂ ለባለ ሻንጣ አይደለም። ራቅ ያለው አዚዚያ ለመኪና ይመቻል፤ ከዚያ ሻንጣ አስቀምጦ ባዶ እጅ ወደ ሐረም መሄድ ነው።

ሰዓት ማንበብም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሳዑዲና እኛ አንድ ሰዓት ላይ ብንሆንም የትኬቱ አጻጻፍ የእኛ አይደለም። 14፡00 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የዓርብ 00፡40 ማለት ደግሞ ሐሙስ ማታ ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ ያለው ሌሊት እንጂ የዓርብ ማታ አይደለም። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ቤተሰብ አውቃለሁ። የባቡር ትኬት አስቀድማችሁ የምትገዙም አውሮፕላኑ ሊዘገይ፣ የፓስፖርት ሰልፉም ሊረዝም ይችላልና ሰፊ ሰዓት ተዉለት።

ኢህራሙን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ሌላው ስህተት ነው። ሚቃቱ የሚያልፈው ጅዳ ከመድረሳችሁ በፊት በሰማይ ላይ ስለሆነ፣ ወይ ከቤት ለብሶ መውጣት ወይ በእጅ ቦርሳ መያዝ ግድ ነው። በበረራ ላይ የሚሰጠው የእጅ መጥረጊያ ሽቶ ሊኖረው ይችላልና ነይታችሁ ከሆነ ተዉት።

ስለ አደራ ሻንጣ ካልተናገርኩ ደግሞ አልጨረስኩም። አደራ እምቢ ማለት ለእኛ ከባድ ነው። የእኛዋ በርበሬ ከጅዳ መካ፣ ከመካ ደግሞ ተመልሳ ጅዳ፣ አሥር ቀን አብራን ስትንከራተት ከረመች። ተቀባዩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ እንዲወስድ አስቀድሞ መነጋገር ይቻል ነበር። ከክብደቱ የባሰውም አለ። ጫት በሳዑዲ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ቅጣቱም ብርቱ ነው። ተሰፍቶ የመጣን ጥቅል በዓይናችሁ ሳታዩ፣ የጎረቤትም ይሁን የአክስት፣ አትቀበሉ። የሚያስቀይም ከሆነም ያስቀይም።

እናቴ በዚህ ዓመት አልሄደችም፤ የሚሄዱት ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር። ሰሞኑን ከነጠላ ቁራጭ ስድስት ትንንሽ ኪሶች ሰፍታ፣ በአንገት የሚንጠለጠሉ ገመዶች አበጅታላቸዋለች። አምስቱ ለቤተሰቡ ነው፤ ስድስተኛው ‹‹ለሚጠፋው›› ነው አለች። በውስጣቸው የሚገባውን የሆቴል ስም በዐረብኛ እንዲጽፍ የሰፈራችን መድረሳ ኡስታዝ ተጠርቷል፤ ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ይመጣል።