እንደ ልብ የሚታጠፍ ሊጋንድ

ፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስኮት ላይ የሚያብለጨልጭ የብር ሐብል ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ቢገባ ይሟሟል። አቶሞቹ ኤሌክትሮን አጥተው አዮን ይሆናሉ። በዚያ ላይ ሁለት ጫፎቹ ናይትሮጅን የያዙ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ቢጨመር፣ አንድ የብር አዮን በግራና በቀኝ ሁለት ናይትሮጅን ሊይዝ ይችላል። ብር፣ ሞለኪውል፣ ብር፣ ሞለኪውል እያለ ረጅም ሰንሰለት ይቀጠላል። ኬሚስቶች ይህን ኮኦርዲኔሽን ፖሊመር፣ አገናኙን ሞለኪውል ደግሞ ሊጋንድ ይሉታል።

ሊጋንዱ ግትር ከሆነ የሚወጣውን ቅርጽ ቀድሞ መገመት አይከብድም። ሪቻርድ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ባለ አራት ክንድ ሞለኪውልን ከመዳብ አዮን ጋር አገናኝቶ ውስጡ ክፍት የሆነ ክሪስታል የሠራው በዚህ ስሌት ነው። መንገዱን ካሰፉት ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከኦማር ያጊ ጋር እ.ኤ.አ. የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርቷል።

የሚታጠፍ ሊጋንድ ግን ለስሌት አይመችም። እያንዳንዳቸው ናይትሮጅን የያዙ ሁለት የፒሪዲን ቀለበቶችን ሦስት ካርቦኖች የሚያያይዙበትን ሞለኪውል እንውሰድ። ካርቦኖቹ የተሳሰሩት በነጠላ ቦንድ ስለሆነ እንደ ልብ ይዞራሉ። ሲዘረጋ በሁለቱ ናይትሮጅኖች መካከል ያለው ርቀት ወደ አንድ ናኖሜትር ይጠጋል፤ ሲታጠፍ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ያው ብርና ያው ሊጋንድ አንዴ ጠመዝማዛ ሰንሰለት፣ ሌላ ጊዜ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ጥንድ ክሮች ይሰጣሉ። አብሯቸው ያለው አሉታዊ አዮን፣ ማሟሚያውና ሙቀቱ ጭምር ይወስናሉ።

ይህ የመታጠፍ ጠባይ ዋጋ ያስከፍላል። ማሟሚያው ሲወጣ ክፍተቱ የሚደፈን፣ ጋዝ ለማከማቸት የማይሆን ፖሊመር ብዙ ነው። አንዳንዱ ግን የሚስማማው ጋዝ ሲመጣ ተከፍቶ፣ ጋዙ ሲሄድ ይዘጋል፤ ጋዞችን ለመለየት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የብር ፖሊመሮች ደግሞ አዮናቸውን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ባክቴሪያ ይገድላሉ። ከዚንክና ከካድሚየም የተሠሩት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራሉ፤ ውኃ ውስጥ አንዳንድ በካዮች ሲያጋጥሟቸው ብርሃናቸው ስለሚደክም ለመመርመሪያነት ይጠናሉ።

ይህ ኬሚስትሪ ከኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሮ አራት ኪሎ ሲደረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔት እንዲህ ያሉ ጥናቶችንም ያወጣል። ጽሑፎቹ የቦንድ ርዝመትና የማዕዘን ሠንጠረዥ የሚያበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሊጋንዱ በየትኛው በኩል እንደታጠፈ ወረቀት ላይ ተስሎ አይታወቅም፤ ተመራማሪው ክሪስታሉን በኤክስሬይ እስኪመረምር ድረስ ምን እንደሠራ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም።