የአዞ እንባ በትውፊትና በምርምር

በእኛም አፍ የተለመደው፣ በእንግሊዞች ልሳን ግን ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረው «የአዞ እንባ» የተባለው አነጋገር ግብዙን ለመንቀፍ ሲነገር ቢኖርም፣ እንስሳው በእውነት ያለቅስ እንደ ሆነ መርምሮ ለማየት የተነሣ ሰው ጥቂት ነው። የነርቭ ሐኪሙ ማልኮም ሻነር ወደዚህ ነገር የገባው፣ የፊታቸው ነርቭ ከታመመ በኋላ ምግብ ባኘኩ ቁጥር እንባቸው የሚፈስ ሕሙማን ደዌያቸው በአዞ ስም መጠራቱ ስላስገረመው ነው። እርሱና የእንስሳት ሊቁ ኬንት ቭሊት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በፍሎሪዳ በሴንት ኦገስቲን ማርቢያ ያሉት አዞዎች በየብስ መመገብን ስላልለመዱ፣ በምትካቸው ዘመዶቻቸው አሊጌተርና ካይማን ሲመገቡ በፊልም ቢቀርጿቸው፣ ከሰባቱ የአምስቱ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ከአንዳንዶቹም አረፋ ወጣ። ምክንያቱንም ሲበሉ በኃይል ከሚያስወጡት ትንፋሽ ጋር አያያዙት እንጂ ከኀዘን ጋር አላገናኙትም።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1927፣ ጆርጅ ጆንሰን የተባለ ሊቅ በአዞና በዘመዶቹ ዓይን ሽንኩርትና ጨው ጨምሮ እንባ ስላጣ ነገሩን ተረት ነው ብሎ ዘግቶት ነበር። ተረቱ ግን አዞ እየበላ ያለቅሳል አለ እንጂ ዓይኑ ሲቃጠል ያለቅሳል አላለምና፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት በከንቱ የጠፋ ይመስለኛል።

ትውፊቱ ሁለት ወገን አለው። በመጀመሪያው አዞው የሚያለቅሰው በሚበላው ሰው ላይ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎትዮስ ካሰባሰባቸው ጽሑፎች በአንዱ፣ የዐባይ አዞ በበላው ሰው ራስ ላይ የሚያለቅሰው ተጸጽቶ ሳይሆን ራስ ሥጋ ስለሌለው ነው ይባላል፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የማንደቪል የጉዞ መጽሐፍም እያለቀሰ ሰው ስለሚበላ አዞ ይተርካል። የለንደኑ ጳጳስ ግሪንዳል በ1563 በአነጋገሩ መጠቀሙን፣ ሼክስፒርም በኦቴሎ ማስገባቱን ከጠቀስን ይበቃል።

በሁለተኛው ወገን እንባው ወጥመድ ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጆን ሆኪንስ በ1564 እና በ1565 ባደረገው ጉዞ አብሮት የነበረው ጆን ስፓርክ፣ አዞ የሚበላውን ሲሻ እንደ ክርስቲያን ሰው እየተንሰቀሰቀ መንገደኛውን ወደ ራሱ እንደሚስብ ጻፈ፤ ጽሑፉም ሀክሉት የተባለ እንግሊዛዊ በ1589 ባሳተመው የጉዞ ጽሑፎች ስብስብ ገባ። ስለ አነጋገሩ የሚያትቱ ሰዎች ይህን ምስክር ሲጠሩ የመርከቦቹን ጭነት ሲያነሡ እምብዛም አላየሁም። ሆኪንስ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በግፍ የወሰዳቸውን ሰዎች፣ አዞው በታየበት በዚያው የካሪብያን ባሕር ዳር ለስፔን ሰፋሪዎች ይሸጥ ነበር፤ ለዚህም ሥራ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሰጠችው ትልቁ መርከብ «የሉቤክ ኢየሱስ» ይባል ነበር።