በጨረር የሚረግብ ቱቦ

ቶሮንቶ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ስልካችሁን የሞላው ኤሌክትሪክ ከኒውክሌር ጣቢያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የኦንታሪዮ ግዛት ግማሽ ያህሉን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከእነዚህ ጣቢያዎች ነው።

በጣቢያዎቹ የኒውክሌር ማብላያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱቦዎች በአግድም ተደርድረዋል። አንዱ ቱቦ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግድግዳው ግን 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በውስጡ 12 ወይም 13 የዩራኒየም ነዳጅ ጥቅሎች አሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በጥቅሎቹ መካከል 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ያልፋል።

ቱቦው የሚሠራው ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት ነው፤ ትንሽ ኒዮቢየም ይቀላቀልበታል። ዚርኮኒየም የተመረጠው ኒውትሮኖችን ብዙም ስለማይውጥ ነው። ኒውትሮን ካለቀ ደግሞ ማብላያው አይሠራም።

ከባድ መጽሐፍ ለዓመታት የተጫነበት መደርደሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሃሉ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ቱቦውም እንዲሁ ነው። በሙቀት ብቻ ቢሆን ግን እንዲህ አይፈጥንም። የሚያፈጥነው ጨረሩ ነው።

በብረቱ ውስጥ አቶሞች እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል እንበል። ፈጣን ኒውትሮን መጥቶ አንዱን ይገጫል። የተገጨው አቶም ከቦታው ይፈናቀላል፤ ጎረቤቶቹንም ይገጫል። ቦታው ባዶ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ በሰልፉ መካከል ይንከራተታል። አብዛኞቹ ወዲያው ባዶ ቦታ አግኝተው ይገባሉ። የቀሩት ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ። የሚሰፍሩት ግን እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ የውሃው ግፊትና የነዳጁ ክብደት አቅጣጫቸውን ይወስናሉ። በዚህ የተነሳ ቱቦው በዓመታት ውስጥ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ መሃሉም ይረግባል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ሲሆን ብረቱ አለመቅለጡ ነው።

ቱቦው ሲሰፋ አንዳንዱ ውሃ ነዳጁን በደንብ ሳያቀዘቅዝ በላዩ ያልፋል። ስለዚህ ጣቢያው ኃይሉን መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። መርገቡ ግን የባሰ ችግር አምጥቶ ያውቃል።

እያንዳንዱ ቱቦ በሌላ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው። የውጭኛው በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁለቱ መነካካት የለባቸውም። በመካከላቸው ከተጠማዘዘ ሽቦ የተሠሩ ቀለበቶች ይደረጋሉ። ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ ባለው የፒከሪንግ ጣቢያ፣ በ2ኛው ማብላያ፣ ቀለበቶቹ ከቦታቸው ተንሸራተው ነበር። አንዱ ቱቦ ረግቦ የውጭኛውን ነካ። በነካበት ቦታ ብረቱ ቀዘቀዘ፤ ሃይድሮጅን እዚያ ተጠራቅሞ ብረቱን እንደ ሸክላ ተሰባሪ አደረገው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1983 ቱቦው 2 ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። ሠራተኞቹ ማብላያውን በሰላም አቆሙት። ከዚያ በኋላ ግን በማብላያው ያሉት ቱቦዎች በሙሉ ተቀየሩ።

ዛሬ መሐንዲሶች የቱቦዎቹን ስፋትና ጉብጠት በየጊዜው ይለካሉ። በዚያው ግዛት ባለው የዳርሊንግተን ጣቢያ ከ2016 ጀምሮ በየማብላያው 480 ቱቦዎችን የመቀየር ሥራ ተካሂዷል። የወጡት ቱቦዎች ራሳቸው ጨረር ስለሚያመነጩ ሠራተኞቹ በወፍራም መከላከያ ተሸፍነው በልዩ መሣሪያ ነው የሚያወጧቸው።